መቂ ላይ የታየው ልቤ

የገዛ ልቤን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት መቂ ውስጥ፣ በአንድ የሽንኩርት መጋዘን ጓሮ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝቼ ነው። ከእኔ ጋር ጫኝና አውራጆች ቆመው አዩት። ከወሊድ ፈቃድ ተመልሼ ሥራ የጀመርኩበት ሰሞን ነበር።

እንጀራዬ የጡንቻ ነገር ነው። አዳማ ላይ ለሕክምና ተማሪዎች ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም ሰውነታችን እንዴት እንደሚሠራ፣ አስተምራለሁ። ከማስተማር በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ የልብና የእጅ እግር ጡንቻ ሕዋሳት በውስጣቸው መልእክት የሚያስተላልፉበትን መንገድ አጠናለሁ። ምን እንደምሠራ ለጠየቀኝ ሰው እንዲህ ብዬ ስመልስ ብዙውን ጊዜ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ "ስለ ሥጋ ነው የምትመራመረው" ትላለች። እኔም አላርማትም፤ ብዙም አልተሳሳተችም።

ወደዚህ ሙያ ያስገባችኝ አንዲት እንቁራሪት ናት። ተማሪ ሳለሁ ሽማግሌው መምህራችን የእንቁራሪቷን ልብ አውጥተው፣ ጨውነት ባለው ውሃ በተሞላ ሳህን ውስጥ አኖሩት። ልቡ ብቻውን፣ ያለ ባለቤቱ፣ መምታቱን ቀጠለ። ቀጥለው ውሃውን ካልሲየም በሌለው ውሃ ቀየሩት። ምቱ እየሰነፈ፣ እየሰነፈ ሄዶ ቆመ። መምህራችን በጠብታ ካልሲየም ጨመሩበትና እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ልቡ አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ መምታት ጀመረ። አጨበጨብን።

"ያያችሁት ተአምር አይደለም፤ ካልሲየም ነው" አሉን። ትንሽ አሰብ አድርገውም "ተአምር ነው የሚል ካለም አልቆጣውም" ብለው ጨመሩ።

እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ የእግሯ ነገር ነበር። ያው ካልሲየም የሌለው ውሃ ውስጥ የእግሯ ጡንቻ ሲነካ ይኮማተር ነበር። ሁለቱም ጡንቻ ሆነው ሳለ አንዱ ቆመ፣ ሌላው ቀጠለ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው የእግር ጡንቻ ሕዋስ የሚያስፈልገውን ካልሲየም በውስጡ ባለ ጓዳ አስቀምጦ ስለሚይዝ፣ ትእዛዝ ሲደርሰው ጓዳውን ከፍቶ እንደሚጠቀም አስረዱኝ። የልብ ሕዋስም ጓዳ አለው፤ ነገር ግን ከውጭ ጥቂት ካልሲየም ካልገባለት የራሱን ጓዳ አይከፍትም። ያቺ ማብራሪያ ይኸው እስከ ዛሬ ታስሮጠኛለች። መምህራችን አሁን በሕይወት የሉም። ስማቸውን ባነሳ የማይወዱ ሰው ስለነበሩ አላነሳም፤ ባገኘሁት አጋጣሚ ግን አመሰግናቸዋለሁ።

የመቂው ጥናት የተጀመረው ከመንገድ ላይ ነው። ባለቤቴ ላንጋኖ ዳር ባለ አንድ ሎጅ ውስጥ የወጥ ቤት ኃላፊ ሆኖ ይሠራል። እሱ መምጣት በማይችልበት ሳምንት እኔ እሄድለታለሁ። ዓለም ጤናን አልፈን መቂ ስንደርስ መኪናችን ሁልጊዜ በጭነት መኪኖች መካከል ይያዛል። ሽንኩርቱ በጆንያ፣ ቲማቲሙ በሳጥን ሆኖ ለአዲስ አበባ ገበያ ይጫናል። ጫኞቹ ጆንያውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በተጋደመ ጣውላ ላይ ሮጥ ሮጥ እያሉ ወደ መኪናው ይወጣሉ። በመስኮት እያየኋቸው "የእነዚህ ሰዎች ልብ ምን ይመስል ይሆን?" እል ነበር። ስለ ሯጮች ልብ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስለሚሸከም ሰው ልብ ግን ያነበብኩት ኢምንት ነው። ጡንቻ ሲከብደው ዝም ብሎ አይሸከምም። ሕዋሱ ውስጥ "ወፍር፣ ጠንክር" የሚል መልእክት ይተላለፋል። ይህ መልእክት ለክንድ ደግ ነው፤ ለልብ ግን ሲበዛ ጉዳት አለው። ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

ሐሳቡን ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት። የልብ ሐኪም ነው፤ አዳማ ተወልዶ ያደገ፣ ወሬ የማያልቅበት፣ በሽተኛ እየመረመረ ስለ ኳስ የሚከራከር ሰው። ገና ሳልጨርስለት "መሣሪያው ከእኔ፣ ጫኞቹ ካንቺ" አለኝ። መሣሪያ ያለው በቦርሳ የሚያዝ የልብ አልትራሳውንድ ነው። ፈቃዱን ሁሉ ጨርሰን ልንጀምር ስንል አረገዝኩና ነገሩ ቆየ።

ልጄ በሰላም ተወለደች። እናቴ ቤቴ ገብታ አረሰችኝ፤ ገንፎውም አጥሚቱም ሳይቋረጥ ከረመ። ደክሞኝ ነበር፤ ግን የማይደክማት አራስ የት አለች? ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ይቆራረጥ ጀመር፤ ሰውነቴ ስለከበደ ነው አልኩ። ማታ ማታ ጋደም ስል ሳል ያጣድፈኝና ትራስ እደራርባለሁ፤ የአዳማ አቧራና ነፋስ ነው አልኩ። እግሬ አብጦ ጫማዬ እምቢ አለኝ። እናቴ በሞቀ ውሃና በጨው እያሸች "ይወርዳል፣ የአራስ ነው፣ የእኔም እንዲሁ ነበር" ትለኝ ነበር። አመንኳት። በዚያ ላይ ሕፃን ልጅ ያላት ሴት ስለ ራሷ የምታስብበት ሰዓት የላትም።

ሥራ በተመለስኩ ሰሞን ባልደረባዬ መጣና "መሣሪያው እየጠበቀ ነው፤ መቂ መቼ ነው?" አለኝ። ልጄ ጡት ስለምትጠባ እናቴም ሕፃኗም አብረው ይሂዱ ተባለ። ጠዋት በሞጆ በኩል ወጣን። እናቴ መንገዱን ሙሉ "ምን ዓይነት ሥራ ነው ሕፃን ይዞ ሽንኩርት ተራ የሚያስኬድ?" እያለች፣ ባልደረባዬም እያሳቃት መቂ ገባን።

የጫኞቹ ማኅበር መሪ በር ላይ ተቀበሉን። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ትከሻቸው ግን አሁንም በር የሚሞላ ሰው ናቸው። ጫኞቹ ሁሉ ጋሼ ይሏቸዋል፤ እኔም ያንኑ ያዝኩ።

"አካም ጅርቱ፣ ጋሼ?" ብዬ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቅኋቸው።

"ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው! ሕፃኗን ከፀሐይ አስገቧት" አሉና እናቴን በገዛ እጃቸው ደግፈው ጥላ ስር ወንበር ሰጧት። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ብዙም ስለማይዘል የቀረውን በአማርኛ ቀጠልን።

መጋዘኑ ጓሮ፣ ከአንድ ዳስ ስር ፍራሽ ተነጥፏል። መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ስክሪኑን ሁሉም እንዲያየው ወደ ሰዎቹ አዞርነው። ጫኞቹ ተሰብስበው ቆመዋል፤ ወደ ፍራሹ የሚጠጋ ግን የለም። ከመካከላቸው አንዱ "ይሄ ነገር ጉልበት ይወስዳል ይባላል" አለ።

"ማነው ያለው?" አለ ባልደረባዬ።

"ሰው ነዋ!"

ሳቁ። መሪው ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ከዚያ በፊት የምጠይቅሽ አለ" አሉኝ። "ክንዴ ይዝላል። እግሬ አንዳንዴ ቆልፎኝ ያድራል። ልቤ ግን ከእናቴ ሆድ ጀምሮ ሲሠራ አንድ ቀን ቆልፎኝ አያውቅም። እሱ ለምን አይደክመውም?"

ስንት ዓመት ሳስተምር ተማሪ እንዲህ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ጡጫዬን ጨብጬ እየከፈትኩ አሳየኋቸው። "ክንድዎ ትእዛዝ ሲደራረብበት ሳያርፍ ጨብጦ ይቀራል፤ መቆለፍ ማለት እሱ ነው። ልብ ግን አንዱን ምት ጨርሶ ሳይላላ ሁለተኛ ትእዛዝ አይቀበልም። በሁለት ምት መካከል ሁልጊዜ ያርፋል።"

"እኛ ሳናውቅ ያርፋል?"

"አዎ፣ ሲያርፍም ነው ደም የሚሞላው።"

"ብልጥ ነው!" አሉ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው፤ በኦሮምኛ ደገሙላቸውና ሁሉም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ፍራሹ አመለከቱ። "እንግዲህ እኛ ከመተኛታችን በፊት አንቺ ተኚ። አንቺ ያልተኛሽበት ላይ ሰው አላስተኛም።"

ባልደረባዬ "ይገባል!" ብሎ ጓንቱን አጠለቀ። እናቴ ልጄን እዚያው ሽንኩርት ከሚለቅሙት ሴቶች ለአንዷ ሰጥታ ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ዘረጋችልኝ። ሌላይቱ ሴት ጫፉን ያዘችላት። ወንዶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ስክሪኑን ብቻ ያያሉ። በግራ ጎኔ ጋደም ስል ያ ሳል መጣብኝ። ክንዴን ትራስ አድርጌ ቀና አልኩ። ቀዝቃዛው ጄል ደረቴን ነካኝ፤ ባልደረባዬም ስለ ባለፈው እሑድ ጨዋታ የጀመረውን ወሬ እያወራ መሣሪያውን አሳረፈ።

እኔም ለጫኞቹ ማስረዳት ጀመርኩ። በነጠላው ቀዳዳ ስክሪኑ ይታየኛል። "ይሄ ትልቁ ጥቁር ቦታ የልብ ግራው ክፍል ነው። ደሙን ወደ ሰውነት ሁሉ የሚገፋው እሱ ነው። አሁን እዩት፣ ሲመታ ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰቡና..."

ግድግዳዎቹ አልተሰበሰቡም። ክፍሉ ከልኩ በላይ ተለጥጦ፣ ግድግዳው ሳስቶ፣ መጨበጥ የነበረበት ጡንቻ ዝም ብሎ ይወዛወዛል። ይህን ምስል ለተማሪዎቼ አሳይቼዋለሁ፤ የማን ልብ እንደሆነ ሳላውቅ፣ "የደከመ ልብ ይህን ይመስላል" እያልኩ። ንግግሬን ሳልጨርስ ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው ባልደረባዬም ወሬውን እንዳቆመ ያስተዋልኩት።

"ምነው ዝም አላችሁ?" አሉ መሪው ከወዲያ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ትንሽ ቦታ ይስጡን" አለ ባልደረባዬ። ድምፁ የበሽተኛ ክፍል ድምፅ ነበር። መሪው አንድ ቃል ተናገሩና ሁሉም ከዳሱ ወጡ።

ባልደረባዬ የእግሬን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው። ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። "ስትተኚ ያፍንሻል?"

"ትራስ እደራርባለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከወለድኩ ወዲህ። የአራስ መስሎኝ..."

"የአራስ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ግን ሌላው ዓይነት ነው። ታውቂዋለሽ።"

አውቀዋለሁ። አንዳንድ ሴት ልጅ በምትወልድበት ሰሞን የልብ ጡንቻዋ ይደክማል። ሕዋሱ ውስጥ የተለቀቀውን ካልሲየም ወደ ጓዳው የሚመልሰው ፓምፕ ሲሰንፍ ልቡ በደንብ አይጨብጥም፤ በደንብም አይላላም። ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስየዋለሁ! ያን ሰዓት ግን ያ ሁሉ ዕውቀት አንድም አልጠቀመኝም። ከወዲያ በኩል ልጄ ርቧት ስታለቅስ ይሰማኛል፤ የማስበው ማን ያሳድጋታል የሚለውን ብቻ ነበር።

እናቴ ነጠላዋን እንደዘረጋች አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ታያለች። "ምን አገኛችሁባት?"

ባልደረባዬ ተንበርክኮ እጇን ያዘ። "እማማ፣ ልቧ ደክሟል። አንዳንዴ ከወሊድ ጋር ይመጣል። መድኃኒት አለው፤ አሁን ግን ወደ አዳማ መመለስ አለብን።"

"እኔ ያን ሁሉ ልጅ ስወልድ ልቤን አልደከመኝም!" ብላ ተቆጣችው፤ እሱ ያደከመኝ ይመስል። ከዚያ ነጠላዋን ከእጇ ጥላ ማልቀስ ጀመረች።

መኪናችንን ልናስነሳ ስንል መውጫው በጭነት መኪና ተዘግቷል። ግማሹ ተጭኗል፤ የጭነቱ ደላላ "ጭነት ተጀምሮ አይንቀሳቀስም" ብሎ ድርቅ አለ። መሪው ጣውላውን በገዛ እጃቸው ከመኪናው ላይ ስበው መሬት ጣሉት። "መኪናውን አንሣ! ሰው ታሞብኝ ስለ ሽንኩርት ታወራለህ?" ሲሉ መጋዘኑ አስተጋባ። ሹፌሩ ደላላውን ሳይጠብቅ ሞተሩን አስነሳ። መሪው በመስኮቱ ጎንበስ ብለው "ኢንተላ ኮ፣ ሂን ሶዳቲን" አሉኝ፤ ልጄ፣ አትፍሪ ማለታቸው ነው። እሳቸው ራሳቸው ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

አዳማ ሆስፒታል ተኛሁ። በሚያሸና መድኃኒት ውሃው ከሰውነቴ ሲወጣ የቁርጭምጭሚቴ አጥንት እንደገና ብቅ አለ፤ እንደ ጠፋ ዘመድ ደስ ብሎኝ አየሁት። ለብዙ ሳምንት ያጣሁትን እንቅልፍ በአንድ ትራስ ተኛሁ። ነርሶቹ ልጄ እንድትጠባ ጠዋትም ከሰዓትም ያስገቡልኝ ነበር። ባልደረባዬ ከመድኃኒቶቹ ጡት ለምታጠባ እናት የሚሆኑትን መርጦ፣ ከትንሽ መጠን እየጀመረ፣ የልቤን ሸክም ቀስ በቀስ አቀለለልኝ። ሲያስረዳኝ ተማሪው እንደሆንኩ አድርጎ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተማሪ ሆንኩ። ሁሉን እያወቅሁ መፍራቱ በጣም አድክሞኝ ነበር።

ባለቤቴ ከላንጋኖ የመጣው የወጥ ቤት ልብሱን ሳይቀይር ነው፤ የሽንኩርት ቁሌቱ ሽታ ከእሱ ጋር ክፍሉ ውስጥ ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሬን አቀፈ። ባልደረባዬ ለሁለታችን ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛው፣ ብዙ ሴቶች ከዚህ እንደሚድኑ፣ ነገር ግን ቃል ሊገባልን እንደማይችል ነው። ሁለተኛው፣ ባገግምም ሌላ እርግዝና ልቤን መልሶ ሊጥለው ስለሚችል ይህቺው ልጅ የመጨረሻዬ ብትሆን እንደሚሻል ነው።

ባለቤቴ ወዲያው "አንድ አለችን፤ እናቷም ትኑርልኝ" አለ። እኔ ግን ለልጄ ወንድም ስም ሳይቀር አውጥቼ ነበር፤ ለማንም ያልነገርኩት ስም። ስለ ልቤ ያላለቀስኩትን ስለዚያ ልጅ አለቀስኩ። ዛሬም አልፎ አልፎ ትዝ ይለኛል። ምስጋናዬ ሁሉ ይህን ኀዘን አላጠፋልኝም፤ አብረው ይኖራሉ።

ከሆስፒታል ልወጣ አካባቢ የጫኞቹ መሪ ሊጠይቁኝ መጡ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ አንድ ሳጥን ቲማቲም ተሸክመው ነበር። እናቴ "ሆስፒታል ነው እኮ፣ ገበያ አይደለም!" ብትልም ተቀበለቻቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ለክፍሉ በሽተኞች ሁሉ እያደለች አየኋት።

"ገለቶማ" ብዬ በቋንቋቸው አመሰገንኳቸው። "እርስዎ ተኚ ባይሉኝ ኖሮ አላውቅም ነበር። ሕይወቴን አተረፉልኝ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "አታመስግኚኝ፣ ልጄ። እኔ ስለ ፈራሁ ነው ተኚ ያልኩሽ።"

አልገባኝም።

"አባቴም ጫኝ ነበር" አሉ መሬት መሬት እያዩ። "ጆንያ እንደተሸከመ ነው የወደቀው፤ ሳናነሣው ሞተ። ልቡ ነው አሉን። እናንተ ስትመጡ ሰዎቹ ሁሉ እኔ ቀድሜ እንድተኛ ይጠብቃሉ። ያ መሣሪያ የአባቴን ነገር እኔ ላይ ቢያሳየኝስ? ትንሽ ልዘግይ ብዬ ነው አንቺን ያስቀደምኩሽ።"

እኚህ ትከሻቸው በር የሚሞላ ሰው አንድ እጃቸውን አልጋዬ ጫፍ ላይ አሳረፉ። ያዝኩት። "እና እስካሁን አልታዩም?"

"ሰዎቹ ሁሉ ለመታየት ፈቅደዋል። መሣሪያው ባንቺ ላይ ያገኘውን አይተው ማን እምቢ ይላል? እኔ ግን አንቺ ድነሽ ስትመጪ እታያለሁ ብያለሁ።"

"ባልድንስ?"

"እንዲህ አይባልም!" ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

ማገገም አዝጋሚ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል መሄድ፣ ቀጥሎ እስከ በር፣ ቀጥሎ ነፋስ ሲበርድ እስከ አስፋልቱ። እናቴ ሽሮውን ያለ ጨው እየሠራች "ይሄም ወጥ ሆኖ!" ትላለች፤ ግን ራሷም አብራኝ ትበላው ነበር፤ ለእኔ ብቻ አልጫ ማቅረብ አልቻለችም። ባልደረባዬ ከተማሪዎቹ ጋር እየተመላለሰ የጫኞቹን ምርመራ ቀጠለ፤ እኔ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አድርጌ ምስሎቹን ኮምፒውተር ላይ አያለሁ። የሰው ልብ፣ የሰው ልብ፣ የሰው ልብ። ከዚያ በፊት ምስል ሳይ የማየው የግድግዳውን ውፍረትና የሕዋሱን ነገር ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱን ስከፍት ይህ ሰው የማን አባት ይሆን እላለሁ። ሥራዬን በዚህ ምክንያት ይበልጥ ወደድኩት።

ልጄ መዳህ በጀመረችበት ወቅት ባልደረባዬ ልቤን ሊያይ እንደገና አስተኛኝ። ስክሪኑን ለራሱ አዙሮ ነበር። እንደዚያ ቀን ወሬውን አቁሞ ምስሉን አየ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ግራው ክፍል ጠቧል። ግድግዳዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ይላላሉ፤ እንደ ጤነኛ ልብ ባይሆንም ለዚያ የቀረበ ሆኖ።

"አሁን ልትጨርሺልኝ ትችያለሽ" አለኝ። "መቂ ላይ 'ይሰበሰቡና' ብለሽ ነበር ያቆምሽው።"

ልስቅ ፈልጌ ማልቀስ ቀደመኝ። ጄሉ ከእንባዬ ጋር ተቀላቀለ፤ እሱም ወዲያው ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ። ያን ከደግነቱ እንዳደረገው ገባኝ።

መቂ የተመለስኩት እናቴንም ልጄንም ይዤ ነው። ጫኞቹ ጭነቱን አቁመው ጨበጡኝ፤ እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነው። መሪው ሲያዩኝ ሳይጠሩ ሸሚዛቸውን መፍታት ጀመሩ። "ቃል ነው" አሉና ፍራሹ ላይ ጋደም አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ባልደረባዬ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

"ንገሩኝ" አሉ እንደጨፈኑ።

"ጋሼ፣ ልብዎ ጎበዝ ነው" አለ ባልደረባዬ። "ግድግዳው ግን ወፍሯል። የደም ግፊት አለብዎት፤ ምናልባትም ብዙ ዘመን ሆኖታል። በመድኃኒት ይያዛል። ጆንያውን ግን ለሌሎች ይተዉላቸው።"

ዓይናቸውን ገለጡና ወደ እኔ ዞሩ። "አባቴ ይህ ነበረበት ማለት ነው?"

"አላውቅም፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ሊሆን ይችላል። ያኔ ያየለት ሰው አልነበረም።"

ከዚያ ተነሥተው ቁልፋቸውን እየቆለፉ "ገለቶሚ" አሉኝ፤ ለባልደረባዬም፣ ለእናቴም እንደዚሁ። እናቴ መልሱን ስላላወቀችው "አሜን" አለቻቸው።

ያ ቀን ካለፈ ቆይቷል። ኪኒናዬን አሁንም እወስዳለሁ፤ እሳቸውም የራሳቸውን። ጥናቱ አልቆ ለጫኞቹ ውጤታቸውን አንድ በአንድ አስረድተናል፤ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶቹም ጀምረዋል። ስለ ልብ ሕዋስ ያወቅሁት ትንሽ ጨምሯል፤ ያላወቅሁት ደግሞ ከዚያ በላይ እንደሆነ ገብቶኛል። መሪው ከጭነቱ ወርደው አሁን መኪና ያሰልፋሉ። ከዚህ ሌላ ማንም ያልሰጣቸው ሥራም ይዘዋል። በሰፈራቸውም በአጎራባች ከተሞችም የወለደች ሴት በሰሙ ቁጥር ሊጠይቁ ይሄዱና ሕፃኑን ከመረቁ በኋላ እናቲቱን "ጋደም ብለሽ ትተኛለሽ? እግርሽስ?" ይሏታል። መጀመሪያ ሰዎች ሳቁባቸው። አሁን ለምደዋቸዋል።

በቅርቡ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ጮኸ። ተማሪዎቼን ይቅርታ ጠይቄ አነሣሁት።

"ልጄ፣ ዓለም ጤና አንዲት አራስ አለች" አሉኝ መሪው። "ትራስ ደራርባ ነው የምትተኛው። ቤተሰቦቿ የአራስ ነው ይላሉ። ምን ላድርግ?"

"ባልየው እዚያ አለ?"

"አጠገቤ ቆሟል።"

"መኪና ፈልጉና አሁኑኑ አምጧት" አልኳቸው። "ሕፃኑንም አምጡት፤ እኔ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።"

ለባልደረባዬ ደወልኩ፣ ለተማሪዎቼ ቀሪውን ራሳቸው እንዲያነቡ ነገርኳቸውና ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ልጅቷ ገና ወጣት ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ልጇን ለማንም አልሰጥም ብላ እንደታቀፈች ነው። ባልደረባዬ መሣሪያውን ሲያዘጋጅ ዓይኗ በፍርሃት ተከተለው። አልጋው ጎን ተቀመጥኩና ልጇ ላይ የነበሩትን የእጇን ጣቶች ያዝኩ።

"አያምም" አልኳት። "ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ ሌላ ምንም የለውም። እኔም ተኝቼበታለሁ።"